«በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ከመባሉ በፊት

የእድር ስብሰባ ነው። አጀንዳው ወርኃዊ መዋጮን ከ50 ብር ወደ 100 ብር ማሳደግ። ዳኛው «የምትቃወሙ አላችሁ?» ይላሉ። ዝም። «ድምፀ ተአቅቦስ?» አሁንም ዝም። ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ምርቃት ይከተላል፤ ሰው ይነሣል። ከበሩ ወጥቶ ሁለት ሦስት ሆኖ ወደየቤቱ ሲያዘግም እውነተኛው ስብሰባ ይጀመራል፦ «ከየት አምጥተን ነው የምንከፍለው?» «እኔማ እናንተ ዝም ስትሉ ጊዜ ዝም አልኩ እንጂ…»። ሁለት ወር ሳይሞላ ውዝፍ ይከማቻል። ደብረ ብርሃን ይሁን ሞላሌ፣ እነዋሪ ይሁን ደብረ ሲና፣ ይህን የማያውቅ የእድር ገንዘብ ያዥ ካለ እድለኛ ነው።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በአባላቱ ይላከካል። «የእኛ ሰው ፊት ለፊት አይናገርም» ይባላል። እኔ አልስማማም። ጥያቄውን ራሱን እዩት፦ የሚቃወመው ብቻ ነው ራሱን እንዲያሳይ የሚጠየቀው፤ የሚደግፈውም፣ ግራ የገባውም፣ ያልሰማውም ቁጭ ብሎ «ደጋፊ» ተብሎ ይቆጠራል። እጁን የሚያወጣው ሰው ደግሞ ነገ ሐዘን ቢደርስበት ድንኳን የሚተክሉለት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉለት፣ ሬሳ የሚሸከሙለት እነዚሁ አጠገቡ የተቀመጡት ናቸው። በ50 ብር ምክንያት ከእነሱ ጋር ፊት መነሣሣት ኪሣራ ነው። ዝምታው ስሌት አለበት፤ ስሌቱ የሚለወጠው ስብሰባው የሚመራበት መንገድ ሲለወጥ ነው።

ነገሩ በሙከራ ከተፈተሸ ቆይቷል። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ ከሰባት እስከ ዘጠኝ የሚሆኑ ተማሪዎችን አንድ ክፍል አስቀምጦ አንድ መስመር ያሳያቸዋል። ከጎኑ ካሉት ሦስት መስመሮች በርዝመት እኩል የሚሆነው የትኛው እንደሆነ በየተራ ጮክ ብለው ይናገራሉ። መልሱ ለዓይን ግልጽ ነው፤ ብቻውን የተጠየቀ ሰው ከመቶ አንዴ እንኳ አይሳሳትም። ከአንዱ በቀር ሁሉም ግን አስቀድመው ተመካክረዋል፤ በተወሰኑት ዙሮች ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ምንም ያልተነገረው ያ አንዱ ተራው የሚደርሰው ሁሉንም ሰምቶ ነው። በእነዚያ ዙሮች ከተሰጡት መልሶች ከመቶ 37 ያህሉ ከቡድኑ ስህተት ጋር ሄዱ። ሩብ ያህሉ ሰዎች ደግሞ አንድም ጊዜ ፍንክች አላሉም።

ለእድር ዳኛ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ዝርዝር ነው። ሆን ብሎ የሚሳሳተው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ተከትሎ መሳሳቱ 3.6 በመቶ ነበር፤ ሁለት ሲሆኑ 13.6፤ ሦስት ሲሆኑ 31.8። ከዚያ በላይ ሰው ቢጨመር ብዙም አልጨመረም። ሦስት ሰው ይበቃል ማለት ነው። ስብሰባ ላይ የተከበሩ ሦስት ሰዎች ተከታትለው አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ የቀረው ሥነ ሥርዓት ብቻ ነው። በሌላ በኩል፣ ከተመካከሩት መካከል አንዱ እውነቱን እንዲናገር ሲደረግ መከተሉ ወደ ሩብ ወረደ። እንዲያውም ያ ሰው ከቡድኑ የባሰ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ እንኳ ሌላው ሰው ነፃ ወጣ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወርቅ ነው፦ አንድ ሰው ተነሥቶ «75 ብር ቢሆንስ?» ካለ፣ «50 ይቆይ» የሚለው ሰውም አፉን ይከፍታል። መቶውን አፍርሶ አሸናፊ መሆን አያስፈልግም፤ አንድነቱ ይሰንጠቅ እንጂ።

በ1996 ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ 133 እንዲህ ያሉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ የጋራ ኑሮ በሚጠነክርባቸው አገሮች መከተሉ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይሉኝታን ከእናቱ ጡት ጋር ለጠባ ሰው ይህ ዜና አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ነገር የንግግር ተራ ነው። በእኛ አገር ታላቅ እያለ ታናሽ አይናገርም፤ ይህን ልሻር የሚል ሰብሳቢ በመጀመሪያው ቀን ይከስራል። መሻርም አያስፈልገውም። አባቶች መርቀው ስብሰባውን ይክፈቱ፤ ክብሩ በዚያ ይጠበቃል። ሐሳብ ግን ከታች ይጀምር፦ በቅርብ የገቡ አባላት፣ ወጣቶች፣ ሴቶች፤ ከዚያ ሌላው፤ ኮሚቴው ቀጥሎ፤ ዳኛው በመጨረሻ። ይህን ማስታወቅ ያለባቸው ራሳቸው ትልቁ ሰው ናቸው። «እኔ ሁላችሁንም ሰምቼ ነው የምናገረው» ካሉ ትሕትና ይሆንላቸዋል፤ ያንኑ ነገር ወጣት ጸሐፊ ከተናገረው ግን ድፍረት ይሆናል። የተለመደው ብልሽት፣ ዳኛው ዝም እያሉ ፊታቸው ሲናገር ነው። ራሳቸውን የሚነቀንቁ ወይም «እህም» የሚሉ ዳኛ ካሉ ተራውን መገልበጡ ከንቱ ድካም ነው። መዝገቡን እያዩ ቢቀመጡ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ ከውይይት በፊት መጻፍ። ከውይይት በኋላ የሚጻፍ ወረቀት የሰማነውን መልሶ ከመጻፍ አያልፍም። አንድ ገጽ ለአራት ይቀደድ፤ ለ60 አባል 15 ገጽ ይበቃል። እስክሪብቶው ሁሉ ሰማያዊ ይሁን። የሚጻፈው ቁጥር ወይም አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ይለያል፤ በትንሽ ሰፈር የሁሉም ጽሕፈት ይታወቃል። ሦስት ደቂቃ፤ አጥፎ ሣጥን ውስጥ መጨመር፤ ሣጥኑን መነቅነቅ፤ ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ሰው አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ማንበብ። ጸሐፊው ካነበበው «ቀይሮ ነው ያነበበው» የሚል አይጠፋም። ሁሉም ቁጥር ይነበብ እንጂ አማካዩ ብቻ አይነገር። አምስት ሰው «50» ማለቱን የሰማ ስድስተኛ ሰው ውይይቱ ላይ ይናገራል፤ «አማካይ 82» ብቻ የተባለለት አይናገርም።

ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አባላት ካሉ «ልጄ ጻፍልኝ» ይመጣና ምስጢሩ ያኔውኑ ያበቃል። ስለዚህ በእህል መምረጥ ይሻላል። እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት በባቄላና በምስር ሲያደርጉት ነው፦ ባቄላው ሲወድቅ ድው ይላል፣ ምስሩ አይሰማም፤ በዚያ ላይ እጅ ውስጥ ያለው ያስታውቃል። ነጭና ቀይ ቦሎቄ በመጠን ተመሳሳይ የሆነውን መርጣችሁ ተጠቀሙ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ ይሰጠዋል። አፈ ጠባብ ሁለት ማሰሮ ይቀመጣል፤ ታችኛቸው ላይ ጨርቅ ይነጠፍ። አንዱ የድምፅ ነው፣ አንዱ የትርፍ። ሰውየው እጁን ጨብጦ የመረጠውን ድምፅ ማሰሮው ውስጥ፣ የቀረውን ትርፉ ውስጥ ይጥላል። ነጭ «ይሁን»፣ ቀይ «አይሁን»። 60 ሰው ከሆነ በእያንዳንዱ ማሰሮ 60 ፍሬ መገኘት አለበት። ድምፅ ማሰሮው ውስጥ 38 ነጭ ካለ፣ ትርፉ ውስጥ 22 ነጭ መኖር አለበት፤ ካልሆነ አንድ ሰው ሁለቱንም አንድ ቦታ ጥሏል ወይም ከቤቱ ቦሎቄ ይዞ መጥቷል። ይደገም። ሁሉም ሰው ማሰሮዎቹ ጋ መድረስ አለበት፤ «እኔ ከብዙኃኑ ጋር ነኝ» ብሎ የሚቀመጥ ካለ የሄዱት ሰዎች እንደ ተቃዋሚ መታየት ይጀምራሉ።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ የማስበልጠው፣ ሁለት ጥያቄ በአንድ ወረቀት ነው። አንዳንድ ልማድ የሚቆየው ሰው ሁሉ ስለወደደው ላይሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ «ሌላው ይወደዋል» ብሎ ስለሚያስብ ሊሆን ይችላል። ሁሉም በሆዱ ሰልችቶታል፣ ሁሉም በአደባባይ ያጨበጭባል። ዳንኤል ካትዝና ፍሎይድ ኦልፖርት የተባሉ አሜሪካውያን ይህን በ1931 ጽፈውታል፤ እኛ ደግሞ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ስንል ኖረናል። የሠርግ ወጪን ውሰዱ። ሠርግ አለ፣ መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ፤ ደጋሹ በብድር ይደግሳል፣ ተጋባዡ ደግሞ በተራው የሚደግሰውን እያሰበ ይበላል።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይጠየቅ፦ አንድ፣ «መልስና ቅልቅል በአንድ ቀን ይሁን ቢባል አንተ ትስማማለህ?» ሁለት፣ «እዚህ ካለነው 60 ሰዎች ስንቱ የሚስማማ ይመስልሃል?» እንበልና ለመጀመሪያው 44 ሰው «አዎ» አለ፤ ለሁለተኛው የተጻፈው ግምት ሲደረደር መካከለኛው 15 ሆነ። ልማዱን ያቆየው በ44 እና በ15 መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ጮክ ተብለው ሲነበቡ ምንም ንግግር ሳይጨመር ሰው ወደ ጎን መተያየት ይጀምራል።

የሚበላሸው ጥያቄው ሲለሰልስ ነው። «አላስፈላጊ ወጪ ይቀንስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ 60ው «አዎ» ይላል፤ ለእያንዳንዱ አላስፈላጊው የጎረቤቱ ነው። ቀን፣ ዓይነት፣ መጠን ያለው ጥያቄ ይሁን። ሌላው ብልሽት ከስምምነቱ በኋላ ይመጣል። ማንም መጀመሪያ መሆን አይፈልግም፤ የመጀመሪያው ደጋሽ «ንፉግ» የሚለውን ስም ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ የሚጀመርበት ቀን ይቆረጥ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሠርጎች አቅም ያላቸው፣ ቢደግሱ የማይቸግራቸው መሆናቸው የሚታወቅ ቤቶች ይሁኑ። ድሃ ቀንሶ ቢደግስ «አጥቶ ነው» ይባላል፤ ባለጸጋው ሲቀንስ ግን ደንብ ይሆናል።

አንዳንድ ሰብሳቢዎች «አንድ ተቃዋሚ እንሹም» ይላሉ። ብዙም አይረዳም። ሰውየው እየተወነ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ያዳምጡታል እንጂ አያስቡበትም፤ ቻርላን ኔሜት የተባለች ተመራማሪ ከልቡ የሚቃወም ሰውና ታዞ የሚቃወም ሰው በሰሚው ላይ እኩል ሐሳብ እንደማያመነጩ አሳይታለች። ከዚህ የሚሻለው «ዓመት አልፎ ይህ ዕቅድ ከሽፏል እንበል፤ ለምን ከሸፈ?» ብሎ ለሦስት ደቂቃ ማስጻፍ ነው። ብልሃቱ ይሉኝታን አለመንካቱ ነው። ሰውየው የዳኛውን ሐሳብ ተቃወመ አይባልም፤ የታዘዘውን ሟርት ሠራ ነው የሚባለው። «መዋጮው 100 ብር ሆኖ የቀን ሠራተኞቹ ወጡ፣ እድሩ የደመወዝተኛ ብቻ ሆነ» የሚል ወረቀት ከወጣ ውይይቱ ተጀመረ።

ይህ ሁሉ ሰብሳቢ ለሆነ ሰው ነው። ተራ አባል ከሆናችሁና ነገሩ ካልተዋጠላችሁ ደግሞ ሌላ ነው። ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን አንድ ሰው አናግሩ፤ አንድ ይበቃል። አምስት ሰው ከሰበሰባችሁ ስሙ አድማ ይሆናል፤ ያኔ ሐሳባችሁ ሳይሰማ እናንተ ትመረመራላችሁ። ስትናገሩ አስቀድማችሁ የምትስማሙበትን፣ ከዚያ በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ አስቀምጡ፦ «ጋሼ፣ ካዝናው እንዳይራቆት ማሰብዎ ልክ ነው። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ቀብር ሸፈንን፣ ለእያንዳንዱስ ስንት ወጣ?» መልሱን ገንዘብ ያዡ ከመዝገብ ማንበብ አለበት። ክርክሩ ከጋሼ ጋር መሆኑ ቀርቶ ከመዝገቡ ጋር ይሆናል። «ብዙ ሰው እንዲህ እያለ ነው» ማለት ግን ገደል ነው። «ማን ነው ያለው? ስም ጥራ!» ይባላል፤ ስም ከጠራችሁ ከዳችሁ፣ ካልጠራችሁ ዋሻችሁ።

በቴሌግራም የሚሰበሰብ ማኅበርም ያው ነው፤ ዋናው ሰውዬ ሐሳቡን ጽፎ ከሥሩ አሥር አውራ ጣት ከተደረደረ አልቋል። ስም የማያሳየውን የድምፅ መስጫ ሐሳቡ ከመጻፉ በፊት ልቀቁት፤ ውጤቱ ለሰው የሚታየው ከመረጠ በኋላ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

አሁን ደግሞ ከተቃራኒው ጎን። ከሰው ጋር መሄድ ሁሉ ሞኝነት የሚመስላቸው አሉ፤ ገጠሩን አያውቁትም። ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ሰሞን የሚዘራው በምክንያት ነው። ብቻውን ቀድሞ ያደረሰ ሰው፣ የወፍ መንጋ ሁሉ እሱ ማሳ ላይ ይሰፍርበታል፤ ብቻውን የዘገየ ደግሞ አዝመራው ተሰብስቦ ከብት ሲለቀቅ አጨዳ ላይ ይደርስበታል። ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ውስጥ በጥቁር አፈር ላይ መደብ አውጥቶ ውኃውን በቦይ የሚያፈስ ሰው ቀድሞ መዝራት ይችላል፤ ነገር ግን የእሱ ቦይ የሚያበቃው የጎረቤቱ ማሳ ላይ ከሆነ አዝመራ ሳይሆን ክስ ነው የሚያመርተው፤ የጋራ መውጫ ቦይ ያስፈልጋል። መንዝ ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር መሬትም እንዲሁ ነው። የጓሳው ሣር ለዘመናት የቆየው አካባቢው ለዓመታት እየዘጋ፣ በተወሰነ ጊዜ እየከፈተ፣ ሁሉም ለደንቡ እየተገዛ ነው፤ ከ1975 የመሬት ለውጥ በኋላ ሥርዓቱ ሲላላ ጉዳቱ ታየ። እዚያ ላይ «እኔ በራሴ አስባለሁ» ብሎ ማጭድ ይዞ የሚገባ ሰው ሌባ ነው።

መለያው ጥያቄ፦ የሌላው ሰው ድርጊት የእኔን ውጤት ይለውጠዋል? የሚለውጠው ከሆነ ወይ ተከተሉ ወይ ሁሉንም አሳምናችሁ አብራችሁ ለውጡ። የማይለውጠው ከሆነ ግን የጎረቤት ብዛት ማስረጃ አይሆንም። የዩሪያ መጠን እንዲህ ነው፤ ጎረቤት ስንት ቢጨምር የእኔ ስንዴ አያውቅም። ይህን ለማየት ሁለት ጠባብ ቁራጭ ጎን ለጎን ይለዩ፤ እያንዳንዱ 2 ሜትር በ10 ሜትር። ዘሩ አንድ፣ የተዘራበት ቀን አንድ፣ አረሙ አንድ፤ የሚለየው የማዳበሪያው መጠን ብቻ። ለየብቻ ታጭዶ፣ ለየብቻ ተወቅቶ ይመዘን። 20 ካሬ ላይ እያንዳንዱ ኪሎ በሄክታር 5 ኩንታል ነው፤ 6 ኪሎ ከወጣ 30 ኩንታል ማለት ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ቁራጩን ከማሳው ዳር ሲወስዱት ነው፤ ዳር ላይ የባሕር ዛፍ ሥር አለ፣ ጥላ አለ፣ የከብት አፍ አለ። መሐል ላይ፣ ቢቻል ሦስት ቦታ ይደገም። አንድ ቦታ ብቻ ከተሠራ አፈሩ ይሁን ማዳበሪያው አይለይም።

ገበያውም የራሱ ብልሃት አለው። በ1906 ፕሊመዝ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ፣ የእንስሳት ትርኢት ላይ ሰው ትኬት እየገዛ አንድ ሰንጋ ታርዶ ተገፎ ስንት እንደሚመዝን ገመተ። ፍራንሲስ ጋልተን 787 ትኬቶችን ሰብስቦ ሲደረድራቸው መካከለኛው ግምት 547 ኪሎ ያህል ነበር፤ ሚዛኑ የሰጠው 543። ሕዝቡ ተአምር የሠራው እያንዳንዱ ለብቻው ጽፎ ስላስገባ ነው። የጅሩ ሰንጋ ሲሸጥ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ተባለ?» ነው፤ ከዚያ በኋላ አሥር ሰው ቢገምትም የመጀመሪያውን ሰው ቁጥር እያዟዟረ ነው። ወሬም እንደዚያው። «ለፋሲካ ዋጋ ይወድቃል» ብለው አሥር ሰዎች ከነገሯችሁ እያንዳንዱን «አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን? መቼ?» በሉት። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው እርከን ላይ መስመሮቹ አንድ ነጋዴ ላይ ይገናኛሉ፤ ያ ነጋዴ ደግሞ ገዢ ነው።

ስለዚህ ከማንም ጋር ሳታወሩ ቁጥራችሁን ጻፉ። አንድ ደብተር፣ አራት ዓምድ፦ ቀን፣ የእኔ ግምት፣ ገበያ የሰማሁት፣ የሆነው። ግምቱ ከመውጣት በፊት ቤት ውስጥ ይሞላ፤ ስትመለሱ የተሞላ ግምት ሁልጊዜ ትክክል ነው። ሠላሳ መስመር ሲሞላ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓምድ ከአራተኛው ጋር አስተያዩ። የሰማችሁት ከእናንተ ግምት ይልቅ ለሆነው ከቀረበ፣ በሰንጋ ዋጋ ገበያውን ተከተሉ፤ በበግ ወይም በጤፍ ላይ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ለእያንዳንዱ የራሱ ገጽ ይኑረው።